ሴሎቹን የመገበው ሰው

ኢንስፔክተር ማሙሸት ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ወዳለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሲደርስ ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ሠርቶ እንደሚያውቅ የሚያስታውስ ሰውም በአካባቢው አልተገኘም። ስለዚህ የሃምሳ አራት ዓመት ጉልበቱን እያባበለ፣ ጀሪካንና ባልዲ በተቆለለባቸው የምድር ቤት ሱቆች በኩል ገብቶ፣ የጨርቅ መጋዘኖቹን አልፎ፣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ተንፍሶ አምስተኛ ፎቅ ወጣ። ዕለቱ አርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ሬሳ ከአለቃ የሚሻለው አረፈድክ ብሎ ባለመቆጣቱ ነው፤ ማሙሸት በሠላሳ ዓመት የፖሊስ ሥራው ካገኛቸው ጥቂት ማጽናኛዎች አንዱ ይህ ነበር።

የሞተው ዶክተር አስናቀው ይባላል። አባቱ ማርና ቅቤ ሲነግዱ ኖረው ያቆሙትን ሕንፃ ወርሶ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የበሽታ ምርምር ላቦራቶሪ ሲከፍት የመርካቶ ሰው ጉድ ብሎ ነበር። ኋላ ግን ለመደው፤ «የሴሉ ቤት» የሚል ስም አወጣለት፤ ተሸካሚዎች የናይትሮጅኑን ታንክ ደረጃ ለደረጃ ሲያወጡም መንገድ ይለቅላቸው ጀመር።

አሁን ባለቤቱ በውስጠኛው ክፍል፣ ከብረት ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደም አለ። ወለሉ ደረቅ ነው። ከነጭ ጋውኑ ኪስ የአውራ ጣት የምታህል ባዶ ብልቃጥ ወጣች። የፖሊሱ ሐኪም ደረቱ ላይ ያሉትን ሁለት ሰንበሮች አሳይቶ፣ ሰውየው አዳልጦት ሳይሆን በሁለት እጅ ተገፍቶ እንደወደቀ፣ ይህም የሆነው ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሆነ ነገረው። ቀጥሎ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር በጆሮው ጨመረለት። ማሙሸት ፊቱ ተጨማደደ፤ ያን ነገር ለማንም እንዳይናገር አዘዘው።

ስድስት ተኩል አርብ ቀን መርካቶ ላይ አስቸጋሪ ሰዓት ነው። ግማሹ ሰው ለጁምዓ ሶላት ወደ አንዋር መስጊድ ይተምማል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ደረጃው ጭር ይላል። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ ብሎ የሚያይ ዓይን አይኖርም።

ከሟቹ ጋር የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ዶክተር ደመቀ የሃያ ዓመት ጓደኛውና ምክትሉ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው ነው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አብነት አካባቢ ባለ ጋራዥ፣ ሐምዱ የሚባል መካኒክ ዘንድ መኪናውን ሲያሠራ እንደነበር ተናገረ። ጀሚላ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ተመራማሪ ናት፤ ሴሎቹን የምታሳድገው እሷ ናት። ወንዶቹ ለሶላት ሲወጡ ምድር ቤት የአክስቷን ሱቅ ስትጠብቅ ነበር፤ በመሃል ግን ባልዲ ልታመጣ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው መጋዘን ወጥታ ቆይታለች። ሦስተኛው ነስረዲን ነው፤ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ጄኔሬተሩንና ሴል በብርድ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ታንክ የሚጠብቅ የወሎ ሰው። ከሶላት ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ሲመለስ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። አብሮህ የሰገደ ሰው ጥራ ሲባል፣ መንገድ ላይ ከተነጠፈው ምንጣፍ በቀኙም በግራውም የማያውቃቸው ሰዎች እንደነበሩ ተናገረ።

የነስረዲን ነገር ከድጡ ወደ ማጡ ነበር። ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሕንፃው ሁሉ ሰምቶታል። ማሙሸት ምክንያቱን ሲጠይቀው አልደበቀም። ልጁ አፍራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የደም ካንሰር ይዟታል። የምትታከምበት ሆስፒታል ከዚህ ላቦራቶሪ የወጣውን ውጤት አምኖ፣ ሰኞ ጠዋት አዲስ መድኃኒት ሊያስጀምራት ቀጠሮ ሰጥቷል። ሐሙስ ዕለት ግን ዶክተር አስናቀው ጠርቶ ሰኞ እንዳያስጀምራት ነገረው። ለምን ቢለው አልመለሰለትም።

«ሦስት ወር ጠብቀናል፣ ጋሼ» አለ ነስረዲን። «ልጄ ዓይኔ እያየ እያለቀች ነው። እሳቸው ‹ትንሽ ታገሠኝ› ይሉኛል። አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ። ‹የራስዎ ልጅ ብትሆን እንዲህ ይላሉ ወይ› ብያቸዋለሁ። ግን አልነካኋቸውም።»

የማሙሸት አለቃ ኮማንደሩ በስልክ ይህን ሲሰማ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አለ። ነስረዲን ወደ ጣቢያ ተወሰደ። ሲወርድ ስለራሱ አልለመነም፤ ሰኞ ጠዋት ልጁን ሆስፒታል የሚያደርስ ሰው እንዳይጠፋ ብቻ ነበር የለመነው።

ማሙሸትን የከነከነው ይኸው ሰኞ ነው። ሟቹ መድኃኒቱን አታስጀምራት ያለው በከንቱ ካልሆነ፣ ልጅቷ ከሦስት ቀን በኋላ የምትውጠው ነገር የሚገድላት ሊሆን ይችላል። በከንቱ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ ይገድላታል። መልሱን የሚያውቀው ሰው ወለሉ ላይ ተንጋሏል። ማሙሸት ልጅ ቀብሮ ያውቃል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለነገ አያሳድርም።

ጀሚላን ጠርቶ የዚህን ቤት ሥራ እንደ እሱ ላለ የእህል ነጋዴ ልጅ በሚገባ ቋንቋ እንድታስረዳው ጠየቃት። እሷም ዓይኗን እየጠረገች አስረዳችው። ሰውነታችን ውስጥ ኪናዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ለሴል «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት የሚያቀብሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። እነ አፍራ በያዛቸው በሽታ አንዱ ማብሪያ በርቶ ይቀራል፤ ሴሉም መባዛት ማቆም ያቅተዋል። የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ልጅ ላይ አይሞከርም። ስለዚህ ዶክተር አስናቀው ያን የተበላሸ ጂን ጤነኛ ሴል ውስጥ አስገብቶ፣ ከትውልድ ትውልድ እንዲተላለፍ አድርጎ ኬ-ሰባት ያሉትን ቋሚ ዘር ፈጠረ። ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል።

«ከጂኑ ጋር አንድ ጋሻ አብረን እናስገባለን» አለች ጀሚላ። «መምረጫ የምንለው መድኃኒት አለ፤ ጋሻ የሌለውን ሴል ሁሉ ይገድላል። ጂኑን የጣለ ሴል ጋሻውንም ስለሚጥል ይሞታል። ዘሩ ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው ምግባቸው ውስጥ ሁልጊዜ መምረጫ ስላለ ነው።»

ማሙሸት ገባው። እህል በረንዳ ነው ያደገው፤ ዘር ካልተጠበቀ እንክርዳድ እንደሚውጠው በልጅነቱ ያውቃል። መምረጫውን ማን እንደሚያዘጋጅ ጠየቃት፤ ዶክተር ደመቀ ራሳቸው ናቸው አለችው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ምግብ አለ፤ መምረጫ የገባበት ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ መምረጫ የሌለበት ሌላው ፕላስተር የለውም። በሩ ላይም በደመቀ የእጅ ጽሑፍ አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል፤ ቀይ ፕላስተር ከሌለው ጠርሙስ ኬ-ሰባትን መመገብ ክልክል ነው ይላል።

ጀሚላ ሴሎቹ በሙቀት የሚያድጉበትን ኢንኩቤተር ከፍታ አራቱን ፍላስኮች ልታሳየው ስትል እጇ ቆመ።

«ማን መገባቸው?» አለች።

ምግቡ አዲስ ሲሆን ቀይ ነው፤ ሴሎቹ እየበሉ ሲሄዱ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በመጨረሻ የተመገቡት ረቡዕ ነው፤ ያን ቀን ዶክተር አስናቀው ዛሬ እኔ እመግባቸዋለሁ ብሎ ሥራውን ከእጇ ወስዶ ነበር። የአርቡ ተራ የእሷ ሲሆን ገና አልነካቻቸውም። ስለዚህ ይህን ጊዜ ቢጫ መሆን ነበረባቸው። አሁን ግን እንደ ከርከዴ ቀልተዋል። ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ ስታያቸው ፊቷ ይበልጥ ጠቆረ። ብዙዎቹ ከሥራቸው ተነቅለው ይንሳፈፋሉ።

«ታመዋል» አለች። «ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ማሙሸት ማቀዝቀዣውን እንደገና ከፈተ። ፕላስተር የሌለውን ጠርሙስ ሐሙስ ዕለት አዘጋጅታ ያሸገችው ጀሚላ ናት፤ እሽጉ ተነስቷል፣ ምግቡም ጎድሏል። ጥግ ላይ ያለችው የውሃ ማሞቂያ ገንዳ ደግሞ መብራቷ በርቶ ውሃዋ ሞቅ ብሏል። ጀሚላ እንዳለችው፣ ለምሳ ሲወጣ ነስረዲን ሁልጊዜ ያጠፋታል። ሴል ቀዝቃዛ ምግብ አይሰጠውም፤ ጠርሙሱ መጀመሪያ እዚያ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል።

ማሙሸት ከገንዳው ወደ ብረት ጠረጴዛው ተመለከተ። መካከላቸው ሦስት እርምጃ ነው። ሰውየውን የገፋ ሰው እዚህ ቆሞ ምግብ እስኪሞቅ ጠብቋል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሬሳ የሚሸሽ እንጂ ከሬሳ አጠገብ ሥራ የሚሠራ ገዳይ ገጥሞት አያውቅም።

«ልጄ፣ ሴሎቹ መታመማቸውንና ጠርሙሱ መከፈቱን ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም» አላት። «እስከ እሑድ ለማንም አትናገሪ። ለአክስትሽም ቢሆን።»

ላቦራቶሪው ታሸገ። ኮማንደሩ ስለ ተመገቡት ሴሎች ሲነገረው ሳቀ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም አለው። የማሙሸት ረዳት ሳጅን መስፍን ግን አልሳቀም። ሴሎቹን እንደ ልጆቿ የምትሳሳላቸው ጀሚላ ናት፣ ሬሳ አጠገብ ቆሞ የሚመግባቸውም ሌላ ሰው የለም አለ። ማሙሸትም ይህን አስቦት ነበር። ልጅቷን ስለወደዳት ብቻ ሐሳቡን ማባረር እንደሌለበት ያውቃል፤ የሚወደዱ ሰዎች ሲገድሉ አይቷል።

ቅዳሜ ጠዋት አብነት ሄደ። መካኒኩ ሐምዱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያለውን ነገረው። ዶክተር ደመቀ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናውን አስገብቷል። ሐምዱና ሠራተኞቹ ግን ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በሩን ዘግተው ለጁምዓ ሄደዋል። ሰባት ተኩል ሲመለሱ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። በመሃል የት እንደዋለ ማንም አላየም። እንግዲህ የአንዱ ቀዳዳ ምንጣፍ፣ የአንዷ ቀዳዳ መጋዘን፣ የአንዱ ቀዳዳ የተዘጋ ጋራዥ ሆነ፤ ሦስቱም ቀዳዳቸው እኩል ነው።

ማሙሸት ያን ቀን ለሦስቱም አንድ ጥያቄ ይዞ ዞረ። ላቦራቶሪው ታሽጓል፣ ከእኔ በቀር የሚገባ የለም፤ ሴሎቹ እንዳይሞቱ ነገ እንዴት አድርጌ ልመግባቸው? ጥያቄውን ያቀረበው እንደ ሞኝ ነው። ሞኝ መምሰል ለሱ ከባድ አይደለም፤ ሚስቱ የተፈጥሮ ስጦታው ነው ትላለች።

ጀሚላ ጓንት ከማድረግ ጀምራ አንድ በአንድ ዘረዘረችለት፤ ቀይ ፕላስተር ያለበትን ጠርሙስ ግማሽ ሰዓት ያሙቁ፣ ሌላውን እንዳይነኩ አለች። ነስረዲን በእስር ቤቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ሴል ነክቶ እንደማያውቅ፣ ግን ከቀዩ ሌላ ክልክል እንደሆነ በር ላይ ተጽፎ በየቀኑ እንደሚያነበው ተናገረ። ዶክተር ደመቀን ያገኘው ከቤቱ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ነው። ደመቀ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ትንሽ አሰበ።

«ፕላስተር የሌለውን ይጠቀሙ» አለ። «ደክመዋልና መምረጫው ይከብዳቸዋል። ሲያገግሙ ወደ ቀዩ እንመልሳቸዋለን።»

ማሙሸት ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈ፤ አመሰገነ፤ የሻዩንም ከፈለ። ከሰዓት በኋላ ከሟቹ ስልክ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ፈልጎ ደወለ። ያነሳችው በሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ያላት ዶክተር ምስራ የምትባል ሴት ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። 

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም አምስተኛ ፎቅ ሰበሰባቸው። ጀሚላ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመች። ነስረዲን ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣ፤ ሚስቱ ጠሂራም አፍራን ጎረቤት ትታ አብራው ገባች። ደመቀ የወንበሩን አቧራ አራግፎ ተቀመጠ። ወለሉ ታጥቧል፤ ሆኖም ወደ ብረት ጠረጴዛው የተጠጋ ሰው አልነበረም።

«ነገሩን ከሴሎቹ እጀምራለሁ» አለ ማሙሸት። «አርብ ዕለት ዶክተር አስናቀውን የገፋው ሰው ወዲያው አልሸሸም። ፕላስተር የሌለውን ጠርሙስ አወጣ፣ አሞቀ፣ አራቱን ፍላስክ መገበ፣ ከዚያ ሄደ። ለምን?»



«መጀመሪያ ጀሚላ ለሴሎቹ ያላት ፍቅር ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን እሷ ብትሆን ከቀዩ ትመግባቸው ነበር። ዘሩን የሚያምን ሰው ሁሉ ከቀዩ ነው የሚመግበው። ትናንት ሦስታችሁንም ጠየቅሁ። ሁለታችሁ ‹ቀዩን› አላችሁኝ። ያን ማስጠንቀቂያ በገዛ እጁ ጽፎ በር ላይ የሰቀለው ሰው ብቻ ‹ሌላውን› አለኝ።»

ደመቀ አልተንቀሳቀሰም። የደከመ ሴልን ከመምረጫ ማሳረፍ ማንኛውም ባለሙያ የሚያደርገው እንጂ ወንጀል እንዳልሆነ በተለመደው ለስላሳ ድምፁ አስረዳ።

«እውነት ነው፤ ጀሚላም እንዲህ ሊደረግ እንደሚችል ነግራኛለች» አለ ማሙሸት። «መድከማቸውን ግን ማን ነገረዎት? እርስዎ በቃልዎ መሠረት አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሲወጡ ደህና ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ክፍል አልገቡም። መታመማቸውን ያየችው ጀሚላ ናት፤ አፏን እንድትይዝ አዘዝኳት፣ ያዘች። እኔም አልነገርኩዎትም።»

 ማሙሸት ቀጠለ፤ አሁን ድምፁ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ጠፍቷል። ዶክተር አስናቀው ከሁለት ዓመት በፊት ከኬ-ሰባት አንድ ብልቃጥ ለምስራ ሰጥቷት ነበር። ባለፈው ወር ምስራ ደውላ፣ እዚህ ማብሪያውን ያጠፋል የተባለው መድኃኒት በእሷ ሴሎች ላይ ምንም እንደማይሠራ ነገረችው። ከአንድ ዘር ሁለት መልስ ሊመጣ አይችልም። አንዱ ዘር ያ ዘር አይደለም ማለት ነው። ይህን ለመለየት አዲስ መምረጫ በአውቶቡስ ላከችለት፤ ከኪሱ የተገኘችው ብልቃጥ እሷ ናት። ረቡዕ ዕለት ቀይ ፕላስተር ካለበት ጠርሙስ ምግብ ጋር ቀላቅሎ ሰጣቸው። ጋሻ ያለው ዘር ቢሆን ምንም አይነካውም ነበር። አርብ ቀን ግን እየተነቀሉ መሞት ጀመሩ።

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ከቀዩ ጠርሙስ ስመግባቸው ለምን አልሞቱም?» አለች ጀሚላ፤ ጠይቃ ሳትጨርስ መልሱ ገባት። ዓይኗ ወደ ደመቀ ሄደ።

«ውሃ ነበር» አለ ደመቀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የጎተተው የለም፤ ራሱ ተናገረ። ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን አፍራ ሆስፒታል ስለገባች፣ ናይትሮጅኑን እኔ አስሞላለሁ፣ አንተ ልጅህ ጋ ሁን ብሎ ነስረዲንን አሰናብቶት ነበር። ረሳው። ታንኩ ደረቀ፤ በብርድ የተቀመጠው ኬ-ሰባት በሙሉ ሞተ፤ እያደገ የነበረውም በዚያው ሳምንት ተበላሸ። የስምንት ዓመት ሥራ በእጁ እንደጠፋ ለጓደኛው መንገር አቃተው። ጂን ያልገባበትን ጤነኛውን ሴል በዚያው ስም አሳደገ፤ በመምረጫው ፋንታ ውሃ አዘጋጀ። አራት ወር ስጡኝ፣ እንደገና እሠራዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የደመቀ ውሸት ግን እያደር የሚከብድ ሆነ፤ በመሃል ሙከራው ተሠራ፣ ውጤቱ ለሆስፒታሉ ተላከ። ማብሪያ በሌለበት ቤት ጨለማውን አይቶ መድኃኒቱ መብራት አጠፋ እንደማለት ነበር።

«ሊደውል ስልኩን አነሳ» አለ ደመቀ። «ሆስፒታሉ ጋ ሊደውል። እጁን ብቻ ልይዘው ነበር። ገፋሁት። ከዚያ ፍላስኮቹን አየሁ፤ እውነተኛውን መምረጫ ቀዩ ውስጥ እንዳስገባው ነግሮኝ ስለነበር ከሌላው መገብኳቸው። ሰኞ የሆስፒታሉ ሰዎች ሊያዩዋቸው ይመጣሉ። ሞተው ካገኟቸው ለምን ሞቱ ብለው ይጠይቃሉ።»

«አሞቅከው?» አለች ጀሚላ። ከተማሪነቷ ጀምሮ በእርስዎ የምትጠራውን ሰው አንተ ስትለው ለራሷም አልታወቃትም። «ጠርሙሱን አስቀምጠህ እዚህ ቆመህ ጠበቅክ?»

«ሞቶ ነበር፣ ጀሚላ። የሚደረግለት ነገር አልነበረም።»

ማሙሸት ይህን ባይናገር ይወድ ነበር። ነገር ግን የሐኪሙ ወረቀት ፍርድ ቤት መቅረቡ አይቀርም፤ ከዳኛ አፍ ከሚሰሙት ከእሱ ይስሙት።

«አልሞተም ነበር» አለ። «ሐኪሙ እንዳለው ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሷል። ሰው ቢጠሩለት ይድን ነበር ወይ አላውቅም። ግን በሕይወት ነበር።»

ደመቀ ወደ ማሞቂያው ገንዳ አየና ጎንበስ ብሎ ፊቱን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ሳጅን መስፍን ካቴናውን አውጥቶ ወደ እሱ ሄደ።

ማሙሸት ነስረዲንን ለቀቁት አለ። ነስረዲን ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ማሙሸት የፈራው ይህን ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ የሚያውቀው፣ ሰውየው ሳያስተውለው ቤቱ በገባ ብሎ የተመኘው አንድ ነገር ቀርቷል። ሟቹ ጥርጣሬውን እዚህ ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገረም ነበር። ደመቀ አርብ ዕለት ተደብቆ የተመለሰው ግን የሚፈራው ነገር እንዳለ አውቆ ነው። የነገረው ሰው አለ።

«ሐሙስ ዕለት» አለ ነስረዲን ለደመቀ፣ «ከሳቸው ጋር ተጣልቼ በቀጥታ ወደ እርስዎ ነው የመጣሁት። ‹ዶክተር አስናቀው መድኃኒቱን ሊያስቀሩባት ነው፣ እርስዎን ይሰማሉ፣ ይለምኑልኝ› ብዬ እግርዎ ላይ ወደቅኩ።»

ደመቀ ቀና ሳይል ራሱን ነቀነቀ።

«እርስዎ አንስተውኝ ‹ግድ የለም፣ አነጋግረዋለሁ› አሉኝ።»

«አነጋገርኩት» አለ ደመቀ፤ ሊሰማ በማይችል ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል።

ይዘውት ወረዱ። ነስረዲን ሚስቱን ሊያያት አልቻለም። ማሙሸት ጥፋቱ ያንተ አይደለም ለማለት አስቦ ተወው፤ እውነት ቢሆንም ዛሬ የሚገባ ቃል አልነበረም። ጠሂራ መጥታ የባሏን እጅ ያዘች፤ ያየችው ግን ወደ ጀሚላ ነው።

«እንግዲህ ሰኞ አንሄድም» አለች። «ትክክለኛው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ መቼ ነው የሚታወቀው?»

ጀሚላ ምስራ ዘሩን ነገ እንደምትልክ፣ ሴሎቹ ነቅተው እስኪበዙና ሌሎቹ መድኃኒቶች እስኪሞከሩ አራት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ሌሊትም ቀንም እንደማትለያቸው ነገረቻት። ጠሂራ አራት ሳምንት የሚለውን ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጅቷ እየጠበቀችን ነው እንሂድ ብላ ባሏን በእጁ እየመራች ደረጃውን ወረደች።